ከአሳማ ጋጣ እስከ ጥቁር ሰሌዳ

ስለ ላም፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ በትምህርት ቤት ብዙ ተምረናል። ስለ አሳማ ግን ብዙዎቻችን ከስሙ አልፈን የምናውቀው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ሆነ በእስልምና ሥርዓት የአሳማ ሥጋ አይበላም። ይህ ጽሑፍም ይበላ ወይም አይበላ ለማለት የተነሣ አይደለም፤ እሱ የየሰው እምነት ነው። ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ አሳማ አርብተው የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸውም ነገ እኛ በምናስተምርበት ክፍል ይቀመጣሉ። ስለሆነም መምህር ለመሆን የተነሣ ሰው ይህን ሥራ አውቆት ቢገኝ ይበጃል እላለሁ።

ሀ. የቤተሰቡ ውሎ

በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ አለ። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ሲሆኑ፣ በጓሯቸው ሁለት እናት አሳማዎችና ስምንት የሚደልቡ አሳማዎች አሏቸው። ራሳቸው ሥጋውን አይበሉም፤ የሚሸጡት ለሆቴሎችና ለውጭ አገር ሰዎች ለሚያቀርቡ ነጋዴዎች ነው። ታዲያ ገዢው ጥቂት በመሆኑ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው። በግ ያልተሸጠለት ሰው በሚቀጥለው በዓል ይሸጣል፤ አሳማ ያልተሸጠለት ግን ቀለቡን እየከፈለ ይጠብቃል።

ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አባት ጋጣ ይጠርጋል፤ እናት እሳት ታያይዛለች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ጊዜ በርሜሉ ሁሉ ይሞላል። ቃሊቲና አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር በመሆናቸው ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ ደግሞ ፋጉሎ ይገኛል። ሆኖም በእሱ ብቻ መቀለብ ኪስ ያራቁታል። አንድ የሚደልብ አሳማ በቀን 2 ኪሎ ግራም ያህል መኖ ይፈልጋል እንበል፤ ለስምንቱ በቀን 16 ኪሎ፣ በወር 480 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 5 ኩንታል ይጠጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ማታ ማታ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከሆቴሎች ትርፍራፊ፣ በተለምዶ «ቡሌ» የምንለውን፣ ይሰበስባል።

ቡሌ ዝም ብሎ አይሰጥም። በመጀመሪያ ላስቲኩ፣ የጥርስ መጎርጎሪያው፣ የጠርሙሱ ስባሪ ይለቀማል። ቀጥሎ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቀቀላል። ከዚያም ጨው ስለሚበዛበት አሳማዎቹ በቂ ውሃ ማግኘት አለባቸው፤ ጨዋማ በልተው ውሃ ካጡ ይመረዛሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይሞታሉም። እንግዲህ የውሃው ፈረቃ ከቀረ ጉዳዩ የጥም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለ. የግልገሎቹ ነገር

አሳማ የምታረግዘው በአማካይ ለ114 ቀን ነው። አርቢዎች 3 ወር፣ 3 ሳምንትና 3 ቀን ብለው ይይዙታል። የእኛ ወር ልክ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ይገጥማል፤ 90 ሲደመር 21 ሲደመር 3 ይሆናል 114። መስከረም 1 ቀን የተጠቃች አሳማ ታኅሣሥ 25 ገደማ ትወልዳለች።

ታኅሣሥ ደግሞ ብርድ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አዲስ የተወለደ የአሳማ ግልገል ግን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ሲበርደው ወደ እናቱ ሆድ ይጠጋል፤ እናቲቱም ስትተኛ ትጫነዋለች። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለግልገሎቹ ብቻ ጭድ የተነጠፈበት ሞቃት ጥግ መሥራት። ሁለተኛ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ አግዳሚ ብረት ወይም እንጨት ማሰር፤ እናቲቱ ስትጋደም ግልገሉ ከሥሩ ያመልጣል።

ሌላም አለ። ግልገል ሲወለድ በሰውነቱ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ጥቂት ነው፤ የእናቱም ወተት አይበቃውም። በአፈር ላይ የሚያድግ ከአፈሩ ያገኛል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድገው ግን ደም ያንሰዋል። ስለዚህ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የብረት መርፌ ይወጋል። መርፌው ሲጠፋ ንጹሕ ቀይ አፈር በጋጣው ጥግ ይደረግለታል።

ሐ. ትልቁ ሥጋት

አርቢን እንቅልፍ የሚነሣው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1921 በጎረቤታችን በኬንያ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2011 መከሰቱን ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አስታውቃለች፤ በዚያው ዓመት፣ በ2013 እና በ2014 የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩም ቫይረሱ ከዚያ በፊት ከታወቁት ዓይነቶች የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው ሰውን አይዝም። አሳማን ግን ኃይለኛው ዓይነት ከያዘ ጋጣውን ባዶ ያስቀራል፤ መድኃኒትም የለውም። የሚተላለፈው በታመመ አሳማ፣ በመዥገር፣ በጫማና በዕቃ፣ እንዲሁም ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ ባለበት ትርፍራፊ ነው። ቡሌው የሚቀቀለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ፈተና አለ። አንዱ አሳማ መብላት ሲያቆም፣ ሌሎቹ ሳይሞቱ ሸጦ ገንዘብን ማዳን ያጓጓል። ነገር ግን የታመመው ወደ ሌላ ጋጣ ሲሄድ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። ዛሬ የሸጠ ሰው ነገ ምትክ ግልገል የሚገዛበት ጎረቤት ያጣል። ትክክለኛው ሥራ በሩን ዘግቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው፤ ይህን ማድረግ ግን ሌላ ገቢ ለሌለው ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

መ. ጎረቤትና ወንዝ

ሰፈሩ በቤት እየተሞላ ሲሄድ ሽታና ዝንብ ጠብ ያመጣል። ፍግ ወደ ቦይ ከተለቀቀ መጨረሻው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ያለበት ቆሻሻ ይበቃዋል። ፍጉን በጉድጓድ ከጭድና ከሰጋቱራ ጋር ደራርቦ ሸፍኖ ማብላላት ሽታውን ይቀንሳል፤ ለጓሮ አትክልትም ማዳበሪያ ይሆናል። የሰው መጸዳጃም የተዘጋ መሆን አለበት። አሳማ የሰው ዓይነ ምድር ከበላ የኮሶ ትል እጭ በሥጋው ውስጥ ያድራል፤ ሥጋው በደንብ ሳይበስል ሲበላ ትሉ ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል። ደግሞም አሳማ በተፈጥሮው ቆሻሻ ወዳድ ነው መባሉ ልክ አይደለም። ቦታ ካገኘ ከመኝታው ርቆ ነው የሚጸዳዳው። ጭቃ ላይ የሚንከባለለውም በላብ መቀዝቀዝ ስለማይችል ነው።

ሠ. በክፍል ውስጥ

ከላይ የጠቀስኩት ቤተሰብ መካከለኛ ልጅ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጠዋት ጋጣ ጠርጎ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን አብሮት የሚቀመጠው ልጅ «ይሸታል» ብሎ ተነሣ፤ ክፍሉም «አሳማ! አሳማ!» እያለ ሳቀ። መምህሩ «ሂድ ታጥበህ ና» ብለው አስወጡት። ልጁ ሁለት ቀን ቀረ። ይኸው ልጅ የእርግዝናውን ስሌት ስጠይቀው ጣቱን እንኳ ሳይቆጥር ነው «ታኅሣሥ 25» ያለኝ። በዚያው ሳምንት ግን ክፍላቸው ስለ ቀንና ወር ሲማር እጁን አላወጣም።

እንግዲህ እኛ እጩ መምህራን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ልጁን አስነሥቶ «የእናንተን አሳማ ንገረን» ማለት አይገባም፤ ይህ ቁስሉን መነካካት ነው። ይልቅ ለሁሉም «በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ እንስሳ ስንት ቀን ያረግዛል? ምን ይበላል? ማን ይንከባከበዋል?» የሚል ጥያቄ ይሰጥ። ላም፣ ፍየል፣ አህያና አሳማ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እኩል ይሰለፋሉ። በሂሳብ የመኖው ስሌት፣ በሳይንስ የብረትና የትሉ ነገር፣ በአካባቢ ትምህርት የወንዙ ጉዳይ ይነሣል። ስለ ንጽሕናም ለብቻው፣ በለሆሳስ፣ የሥራ ልብስና የትምህርት ቤት ልብስ እንዲለይ ይነገረው። ስድቡን ግን በግልጽ፣ በክፍሉ ፊት ማስቆም የመምህር ግዴታ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ሰኔ 10 ቀን የተጠቃች አሳማ መቼ ትወልዳለች? ጳጉሜን አትርሱ፤ 5 ቀን ከሆነች መልሱ መስከረም 29 ነው።
2. ሃይማኖቱ አሳማን የሚከለክል ወላጅ «ልጄን ስለ አሳማ ለምን ታስተምራላችሁ?» ቢል ምን ብላችሁ በአክብሮት ታስረዳላችሁ?
3. በየመጣንበት ሰፈር እንዲህ የሚናቅ ሌላ ሥራ የትኛው ነው? የዚያ ቤት ልጅስ በክፍል ምን ይባላል?

መምህሮቻችንም ሆናችሁ እጩ መምህራን መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ብትለጥፉልን እርስ በርስ እንማማራለን።