ዓርብ ገበያ ብሎ ፈልጎ አርብ ገበያን ማግኘት፦ ማሽን የሚጽፈው የኮድ ፋይል አያያዝ

አንዱ የታች ጋይንትን ከተማ «አርብ ገበያ» ብሎ መዝግቧል። ሌላው «ዓርብ ገበያ» ብሎ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል። ሞክሼ ሆሄያትን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችን፣ የሚያቻችል ሰንጠረዥ ያስፈልጋችኋል። በእጅ አትጻፉት፤ ፕሮግራም ይጻፈው። ፓይተን፣ ጂኤንዩ ሜክ፣ የሲ ኮምፓይለርና ጊት አዘጋጁ።

ደረጃ 1። ሁለት ፎልደር ክፈቱ፦ «ምንጭ» እና «ግንባታ»። በእጃችሁ የጻፋችሁት ምንጭ ውስጥ፣ ማሽን የጻፈው ግንባታ ውስጥ ይግባ። ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን በላቲን ፊደል ስጡ፤ ጊት ካላስተካከላችሁት የግዕዝ ስሞችን ወደ ቁጥር ለውጦ ያሳያል።

ደረጃ 2። ምንጭ ውስጥ «ሞክሼ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ፍጠሩ። አምስት መስመር ይበቃል፦ ሐ ወደ ሀ፣ ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡት።

ደረጃ 3። ሰንጠረዡን የሚጽፈውን ፕሮግራም፣ ጄኔሬተሩን፣ በፓይተን ጻፉ። በዩኒኮድ ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፤ ሁ 4609፣ እንዲህ እያለ ሆ 4614 ላይ ይደርሳል። የሌሎቹም ቤቶች ሰባት ድምፆች በዚሁ ተራ ተደርድረዋል። ስለዚህ የግዕዙን ልዩነት ካወቃችሁ የሰባቱን አወቃችሁ። ሠ 4640፣ ሰ 4656 ነው፤ 16 ደምሩ። ዐ 4816፣ አ 4768 ነው፤ 48 ቀንሱ። ስሌቱን ፕሮግራሙ ይሥራው፤ ከአምስቱ መስመር 35 ጥንድ ይወጣል። ሰባተኛው ላይ አቁሙ። ስምንተኛው ቦታ ወጥመድ ነው፦ በሐ ቤት ሗ፣ በሀ ቤት ሇ ተቀምጠዋል፤ ሞክሼ አይደሉም።

ደረጃ 4። ጄኔሬተሩ በውጤቱ አናት ላይ «በማሽን የተጻፈ፤ በእጅ አይነካም» የሚል ማስታወሻ እንዲጽፍ አድርጉ። የግብዓቱን ፋይል ስም ጨምሩበት። ቀንና ሰዓት ግን አትጨምሩ፤ ምንም ሳይለወጥ ፋይሉ በየጊዜው የተለወጠ ይመስላል።

ደረጃ 5። ውጤቱን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፤ ሲያልቅ ብቻ ስሙን ወደ «ሰንጠረዥ» ቀይሩት። አለዚያ በመሃል መብራት ቢሄድ ግማሹ የተጻፈ ፋይል አዲስ ሰዓት ይዞ ይቀራል። ሜክ የሚያየው ሰዓቱን ስለሆነ ሙሉ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ደረጃ 6። በሜክፋይሉ ውስጥ ደንቡን ጻፉ፦ ሰንጠረዥ የሚሠራው ከሞክሼ እና ከጄኔሬተሩ ነው። ሁለቱንም ጥቀሱ። ብዙ ሰው ጄኔሬተሩን ይረሳል፤ ጥቅሙን ደረጃ 10 ላይ ታዩታላችሁ። የትእዛዙን መስመር በታብ ጀምሩ። በተራ ክፍት ቦታ ከጀመራችሁት ሜክ አይቀበለውም፤ ዓይን ደግሞ ልዩነቱን አያይም።

ደረጃ 7። ስም የሚፈልገው የሲ ፋይላችሁ «ፍለጋ» ይባል፤ ሰንጠረዥን ስለሚጠቀም እንደሚጠብቀው በሌላ ደንብ ግለጹ። ካልገለጻችሁ ሜክ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲያስኬድ ኮምፓይለሩ ሊቀድምና ፋይሉን ሊያጣው ይችላል።

ደረጃ 8። ግንባታን በሙሉ ጊት በሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ሞክሼ እና ጄኔሬተሩ ግን ጊት ውስጥ ይቀመጡ። ኮዱን በፍላሽ ይዛችሁ ፓይተን ወደሌለበት ቢሮ፣ ለምሳሌ ስማዳ ወገዳ ድረስ የምትወስዱ ከሆነ፣ የተሠራውን ሰንጠረዥ በምታወጡት ጥቅል ውስጥ ጨምሩ። ጊት ውስጥ አትጨምሩት፤ ሁለት ሰው በጻፈ ቁጥር ይጋጫል።

ደረጃ 9። ግንባታ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ ሜክን ሁለት ጊዜ አስኪዱ። የመጀመሪያው ሁሉንም ይሥራ። ሁለተኛው ምንም መሥራት የለበትም። እንደገና ከሠራ የደንቡን ስሞች አንድ በአንድ ፈትሹ።

ደረጃ 10። ሞክሩት። የተመዘገበውንም የተፈለገውንም ቃል በሰንጠረዡ አሳልፉና አወዳድሩ፤ የተመዘገበውን ስም ራሱን አትለውጡት። «መካነ ኢየሡስ» ብላችሁ ስትፈልጉ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ትወጣለች። «ዓርብ ገበያ» ግን አሁንም «የለም» ይላል! ዓ ራብዕ ናት፤ 48 ሲቀነስላት ኣ ትሆናለች እንጂ አ አትሆንም።

ሰንጠረዡን ከፍታችሁ አንዷን መስመር ለማስተካከል እጃችሁ ይበላችሁ ይሆናል። ተዉት፤ በሚቀጥለው ግንባታ ይጠፋል። ጄኔሬተሩን ክፈቱ። ውጤቱ ሃ ከሆነ ሀ፣ ኣ ከሆነ አ እንዲጽፍ እዘዙት። ሃንና ኣን ራሳቸውንም እንደ ጥንድ ጨምሩ፤ 37 ይሆናሉ። አስቀምጡና ሜክን ጥሩ። ጄኔሬተሩ እንደተለወጠ አይቶ ሰንጠረዡን በራሱ ይጽፈዋል። አሁን «ዓርብ ገበያ» ብላችሁ ፈልጉ።