ንጉሡ በር ላይ ሲቀመጥ

ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 18፥24 – 19፥15

ወገኖች፣ ጦርነት ሲያበቃ መሪ ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደሚወጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዳዊት የልጁን የአቤሴሎምን ሞት መሃናይም ሆኖ ሲሰማ፣ ከበሩ በላይ ወዳለው ክፍል ወጥቶ አለቀሰ። ያሸነፈው ሠራዊት እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከተማ ገባ። ኢዮአብም ተቆጣ፤ ወጥቶ ሕዝቡን ካላነጋገረ በዚያች ሌሊት አንድም ሰው አብሮት እንደማያድር ነገረው። ንጉሡ ተነሥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም አየው።

ኢዮአብን ለመውቀስ አትቸኩሉ (አቤሴሎምን የወጋው እሱ ራሱ ቢሆንም)። መሪ ካልታየ ሠራዊት ይበተናል፣ ሌላ ጦርነት ይመጣል። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። 18፥7 ላይ በዚያ ቀን 20,000 ሰው እንደሞተ ተጽፏል። የንጉሡ ለቅሶ ከነቃሉ አለን፤ የእነዚያን እናቶች ለቅሶ ግን የጻፈው የለም።

እኛም አይተናል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ከወታደሮቻቸው ጋር ድንበር ላይ አዲስ ዓመትን አከበሩ፤ ዛላንበሳ ላይ ዘመድ ከዘመዱ ተቃቅፎ አለቀሰ። ያ እንባ የእውነት ነበር። መንገዱ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ የመሪዎች መጨባበጥ በስልክ ሲደርሳችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ጸልዩም። ራሽን ካርድሽን ከመመለስሽ በፊት ግን፣ እህቴ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ የታሰረው ተፈቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ለውይይት፦ 19፥13 ላይ ዳዊት የአቤሴሎምን ጦር አዛዥ አሜሳይን በኢዮአብ ፋንታ ለመሾም የማለው ለምን ይመስላችኋል?