ለሳሎንና ለሻወር ቤት አንድ ዓይነት ታይልስ?

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ የማሠራው ቤት ልስኑ አልቆ ወለሉ ቀርቷል። ሻጩ ‹‹ሳሎኑም፣ ሻወሩም፣ በረንዳውም የሚያብረቀርቀው 60 በ60 ፖርስሊን ይሁን›› ይለኛል። ባለቤቴ ሴራሚክ ይበቃል ባይ ናት። በዕድሜ የገፉ እናቴ አብረውን ይኖራሉ። ገንዘቤም የተቆጠረ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ከመግዛት ክፍል በክፍል ይምረጡ። መለኪያዎ ውሃና እግር እንጂ ማብረቅረቁ አይሁን።

ፖርስሊንም ሴራሚክም ከሸክላ አፈር የሚሠሩ ናቸው። ፖርስሊኑ ግን በኃይል ተጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ የሚመጥጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ተራው ሴራሚክ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይመጥጣል። ሱቁ ውስጥ ታይልሱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ሴራሚኩ ወዲያው ይጠጣዋል፤ ፖርስሊኑ ላይ ውሃው እንዳለ ይቆማል።

በረንዳው ዝናብና ፀሐይ ስለሚፈራረቁበት፣ ጫማም ከነአሸዋው ስለሚረግጠው ፊቱ ሻካራ የሆነ ፖርስሊን ይገባዋል። መኝታ ቤቱን የሚረግጠው ነጠላ ጫማ ነውና ሴራሚክ ይበቃዋል፤ ገንዘብ የሚተርፍዎ እዚህ ነው። ለሳሎኑ የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚባለውን እመርጥልዎታለሁ። ፖርስሊን እንዲያብረቀርቅ ሲፋቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስለሚከፈቱ የፈሰሰ ቡና ቶሎ ካልተጠረገ እድፍ ሊተው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሻወሩ ነው። የሚያብረቀርቅ ወለል ውሃና ሳሙና ሲነካው ያንሸራትታል፤ እናትዎ ደግሞ መውደቅ የለባቸውም። ካርቶኑ ላይ የመንሸራተት መከላከያ ደረጃውን ይፈልጉ፤ ‹‹አር 10›› ወይም ‹‹አር 11›› ጥሩ ነው። መጠኑም 30 በ30 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። ትንሹ ታይልስ ወለሉን ወደ ውሃ መውረጃው ለማዝመም ይመቻል፤ መገጣጠሚያውም ስለሚበዛ እግር ይይዛል።

ሲገዙ 10 በመቶ ያህል ትርፍ ጨምረው በአንድ ጊዜ ይውሰዱ፤ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ አለዚያ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። ተነጥፎ ሲደርቅ በእንጨት እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ማጣበቂያው አልሞላም ማለት ነው፤ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት ውዱም ፖርስሊን ይሰነጠቃል። የሠራተኛውን የመጨረሻ ክፍያ የሚከፍሉት ባዶ ድምፅ የሰጠው ታይልስ ተነሥቶ እንደገና ከተነጠፈ በኋላ ይሁን።