የዝምታ ጊዜ

ከማንበባችሁ በፊት፦ አንድ መምህር በሰሌዳ ላይ ሥዕል በሚሥልበት ጊዜ ለምን ዝም ይላል? ተማሪዎቹስ በዚያን ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ተወያዩበት።

የአንድን ሥራ አሠራር ለማስተማር የሚዘጋጅ ቪዲዮ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ እነርሱም የሚታየው ሥራና ሥራውን የሚያብራራው ንግግር ናቸው። ሁለቱ ግን እኩል አይራመዱም። ለምሳሌ አንድ መምህር በኮምፒዩተር ላይ አዲስ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫን ያሳያል እንበል። ምን እንደሚያደርግ ለመናገር 3 ሰኮንድ ይበቃዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ትእዛዙን ለመፈጸም 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ መካከል መምህሩ የሚናገረው የለውም፤ ተመልካቹም በዝግታ የሚሞላውን መስመር እያየ ይቀመጣል።

የቪዲዮው አቀናባሪ ይህን ክፍል ቆርጦ ሊጥለው ይችላል። ይሁን እንጂ ምስሉ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው በድንገት ሲዘል፣ ተማሪው ያመለጠው ነገር ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ማፋጠን ነው። በሰኮንድ 30 ምስሎች የሚያሳይ ቪዲዮ በ8 እጥፍ ሲፋጠን ከየ8ቱ ምስሎች አንዱ ብቻ ይቀራል፤ 2 ደቂቃውም 15 ሰኮንድ ይሆናል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን የካሜራውን እጀታ በዝግታ እያዞሩ የሚያነሡ ሰዎች፣ ፊልሙ በመደበኛው ፍጥነት ሲታይ ተዋናዮቹ የሚከንፉ ያስመስሏቸው ነበር።

ይሁን እንጂ በተፋጠነው ምስል ጥግ «8 እጥፍ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ተማሪው ያንኑ ሥራ በራሱ ኮምፒዩተር ሲሞክር 15 ሰኮንድ ጠብቆ «ተበላሽቷል» በማለት መሣሪያውን በመካከል ያጠፋዋል።

ድምፁም የራሱ ጣጣ አለው። ዝምታ የሚባለው ባዶ አይደለም፤ ትንፋሽ፣ የቁልፎች ድምፅ፣ ምናልባትም ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመታ ዝናብ ይሰማበታል። ድምፅ ቅጥነቱ ሳይስተካከል በ2 እጥፍ ሲፋጠን በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል፤ በ8 እጥፍ ሲሆን ደግሞ በሦስት። ስለሆነም የተፋጠነው ክፍል ድምፅ ፈጽሞ ይዘጋል። ድምፁን ብቻ አሳጥሮ ምስሉን እንዳለ መተው ግን አይቻልም፤ ንግግሩ ቀድሞ ይሄድና ሥራው ከኋላ ይቀራል።

ዝምታውን ፈልገው የሚያገኙ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ከዜሮ በታች ከ60 ዴሲቤል ያነሰና 2 ሰኮንድ የቆየ ድምፅን ዝምታ ብሎ ይቈጥራል። በተራ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ግን ይህን ያህል ጸጥ ስለማይል፣ አቀናባሪው ወሰኑን ከፍ ለማድረግ ይገደዳል። ለአማርኛ ተናጋሪ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ይመጣል፤ የተናጋሪውም ድምፅ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይወርዳል። «ይህ ቁልፍ አይነካም» ሲል የመጨረሻዋ «ም» ደከም ካለች፣ ፕሮግራሙ ከዝምታው ጋር ይወስዳትና ዓረፍተ ነገሩ ጐደሎ ሆኖ ይቀራል። «ፋይሉ ይህ አይደለም» ከሚለው ላይ ማሰሪያው ቢዋጥማ፣ አሉታው ጠፍቶ ተማሪው ተቃራኒውን ይረዳል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ አቀናባሪ ከንግግሩ በፊትና በኋላ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ሳይነካ ይተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሣሪያ ሊለየው የማይችለው ዝምታ ነው። መምህሩ ጠቋሚውን በገጹ ላይ እያንቀሳቀሰ ወደ አንዲት ትንሽ ምልክት ሲያደርስ 4 ሰኮንድ ዝም ይላል። ለፕሮግራሙ ይህ ከ2 ደቂቃው ጥበቃ የተለየ አይደለም። ተማሪው ግን ምልክቷ የት እንዳለች የሚያየው፣ የራሱንም እጅ የሚያስከትለው በእነዚህ 4 ሰኮንዶች ነው፤ ስለዚህ እንዳሉ ይተዋሉ።

መልመጃ
1. በሰኮንድ 30 ምስሎች የሚያሳይ፣ 3 ደቂቃ የሚረዝም ክፍል በ6 እጥፍ ቢፋጠን ስንት ሰኮንድና ስንት ምስሎች ይኖሩታል?
2. የመጨረሻው ፊደል ወይም ቃል ቢቀር ትርጕማቸው የሚለወጥ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ለውጡንም አስረዱ።