ከመሠራጨቱ በፊት ማን አየው?

ባለፈው ዓመት ለፈተና ስንዘጋጅ አንድ የስታቲስቲክስ ማስታወሻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰነበተ። በአንዱ ቀመር ላይ የመቀነስ ምልክት ተዘልሎ ኖሮ፥ ብዙዎቻችን ስሕተቱን እንዳለ ሸምድደን ገባን። ከፈተናው በኋላ ማን እንደ ጻፈውና ማን እንዳረመው ብንጠያየቅ የሚያውቅ አልተገኘም።

ይህን ሳሰላስል ጋይንት ትዝ አለኝ። የአቋቋም ተማሪ ወደ ጎንደር፥ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አምባ እንደሚሄድ ሁሉ፥ የድጓ ተማሪ የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። እኛ «ማስመስከር» ስንል ዲፕሎማ መቀበል ይመስለናል። የዚያ አገር ማስመስከር ግን የመጽሐፍም ምርመራ ነው።

በጥንቱ ልማድ ተማሪው አስቀድሞ ዜማውን በቃል ያጠናል፤ ቀጥሎ ከታረመ ቅጂ እያየ የራሱን ድጓ ይጽፋል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የዜማው ምልክት ይሰፍራል። ምልክቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) እንደ ደረሱት ይነገራል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ አንዱ ከቦታው ቢዛነፍ ዜማው ይለወጣል። ስለዚህ ተማሪው በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ እሱ ያዜማል፥ መምህሩ ያደምጣል፥ የተሳተው ተፍቆ ይታረማል። (ብራና ሲፋቅ ይሳሳል፤ ስንፍና ከገጹ ላይ ይታያል ማለት ነው።) ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር የሚበቃው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሳይታረም ቢወጣ ስሕተቱን በየደብሩ ይዘራዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በእስቴ የቆማ ፋሲለደስ ዜማ ከቤተ ልሔም ይለያል፤ ነገር ግን የቆማ ሰው ተሳስቷል የሚል የለም፤ ቤቱ ሌላ ነው። አራሚ ስሕተትንና የቤት ልዩነትን መለየት አለበት። ከእኛ መካከል ግን መምህሩ ከሰጡት በሌላ መንገድ የተሠራውን ሒሳብ ሁሉ የሚሰርዝ አራሚ አይቻለሁ፤ ይህ እርማት ሳይሆን ጥፋት ነው።

እንግዲህ በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት ሥርዓቱ ምን ይሁን? የጻፈው ሰው ብቻውን አራሚ አይሁን፤ ዓይኑ የተጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያነባልና። ትምህርቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘቱን ይይ፤ ሌላው ቋንቋውን ያቃና፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄዎቹን ሁሉ ሠርቶ ከመልሱ ጋር ያመሳክር፥ ደካማ መስመር ባለበት ቦታም በተራ ስልክ ከፍቶ ይሞክር። ሙድል የሚባለው የማስተማሪያ ፕሮግራም ገጹ እስኪታረም ድረስ ከተማሪ መሰወር ያስችላል፤ ይህችን ቁልፍ የሚነካው ኃላፊነቱን የተቀበለ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ከወጣ በኋላ ያለው እርማት ነው። ለዕረፍት ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ጓደኛችን ማስታወሻውን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ጭኖ ይሄዳል። እኛ እዚህ ገጹን ብናርም የእሱ ቅጂ እንደ ነበረ ይቀራል። ዊኪፔዲያ እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑ መዝግቦ ያኖራል፤ የእኛም ቅጂ ስንተኛ እንደ ሆነና መቼ እንደ ታረመ በራሱ ላይ ካልተጻፈበት፥ ተማሪው አሮጌውን ከአዲሱ በምን ይለያል?

ቤተ ልሔም ዓመታት ነበሯት፤ እኛ ያለን አንድ ሴሚስተር ነው። ስለዚህ ሁሉን ባንችል እንኳ ኅብረታችን በሚያሠራጨው ማስታወሻ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጸሐፊው ስም፥ የአራሚው ስምና የታረመበት ቀን ይጻፍ። በዚያ የስታቲስቲክስ ማስታወሻ እንጀምር፤ አራት ሆነን ቀመሮቹን እያመሳከርን ነው፥ አምስተኛ ሰው እንፈልጋለን።