የዕጣን ዛፍና የባዮሎጂ ትምህርቴ

እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ የተወለድሁት ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሲወረድ በሚገኘው በአበርገሌ ቆላ ነው። ባዮሎጂ የሚባለውን ትምህርት በጀመርሁ ጊዜ እምብዛም አልወደድሁትም ነበር። አንደኛው ምክንያት የቋንቋው ነገር ነው፤ በቤታችን የምንነጋገረው በኽምጣና ሲሆን በገበያ አማርኛ እንናገራለን፤ መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ አንድ አሳብ ወደ ልቤ እስኪገባ ድረስ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። ሁለተኛውም፣ በመጽሐፉ ያለው ሁሉ ከእኛ አገር የራቀ መስሎ ይታየኝ ነበር። ስሙን ሸምድጄ ፈተና አልፋለሁ እንጂ ነገሩ ለእኔ ምን እንደሚሆነኝ አላውቅም ነበር። ይህን አሳቤን የለወጠው አባቴ የሚያደሙት የዕጣን ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። ፓፒሪፌራ ማለት ወረቀት ተሸካሚ ማለት ነው፤ ልጣጩ እንደ ስስ ወረቀት እየተገሸለጠ ይንጠለጠላልና። እኔም እረኛ ሳለሁ ይህን ልጣጭ እያነሣሁ በከሰል ፊደል እጽፍበት ስለ ነበር፣ ስሙን ያወጣው ሰው ሐሰት አልተናገረም። ዝናቡ ሲያቆም ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ዕጣን የሚደማውም በዚሁ በበጋው ወራት ነው። አድሚው በአጭር ስለታም ብረት ልጣጩን ጥቂት ይፍቀዋል፤ ወዲያው ወተት የመሰለ ሙጫ ይንጠባጠባል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉም እንደ ገና ይታደሳል። እንዲህ እየተደጋገመ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይደረሳል።

አንድ ቀን መምህራችን ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያገኝ ሲያስተምሩን ቫን ሄልሞንት ስለሚባል ሰው ነገሩን። ይህ ሰው 200 ፓውንድ የሚመዝን ደረቅ አፈር በገንቦ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ዛፍ ተከለባት፤ ውሃም እያጠጣ አምስት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ ቢመዝናት ዛፏ 169 ፓውንድ ያህል ሆና ስትገኝ፣ ከአፈሩ የጎደለው ግን ከአንድ ጭብጥ የማይበልጥ ነበር። እርሱ «ዛፏ ከውሃ ብቻ ተሠራች» ብሎ ደመደመ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። በ1779 ኢንገንሃውስ የተባለ ሐኪም አረንጓዴው ቅጠል ሥራውን የሚሠራው በብርሃን ጊዜ መሆኑን አሳየ። ዛሬ እንደሚታወቀው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ከውሃ ጋር በፀሐይ ኃይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ ይህም ፎቶሲንተሲስ ይባላል።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ዛፉ ሁሉ ከአየርና ከውሃ የተሠራ ከሆነ፣ ዕጣኑስ ከየት መጣ? ከዚያው ነው። በቡናችን ጊዜ የሚጨሰው፣ በማዕጠንቱም የሚሸተን ነገር ቅጠሉ በክረምት የሰበሰበው አየር ነው ማለት ነው። ዛፉም ዕጣኑን የሚያወጣው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ቁስሉን ሊደፍንና ነፍሳትና ጀርሞች እንዳይገቡበት ሊከላከል ነው እንጂ። ይልቁንም ያስደነገጠኝ፣ ዛፉ በሚደማበት ወራት ቅጠል የሌለው መሆኑ ነው። ሥራ የፈታ ገበሬ ከጎተራው እየቀነሰ እንደሚበላ፣ ዛፉም በግንዱና በሥሩ ካከማቸው ስታርች እያወጣ ነው የሚደማው። በአገራችን የተደረጉና በ2012 እና በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተሙ ጥናቶች፣ መድማት በቅጠሉ የሚሠራውንም ምግብ፣ በግንዱ የሚከማቸውንም እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ይህን ለአባቴ ለመንገር ድፍረት ያሻ ነበር። አንድ እሑድ ማታ ነገሩን ወደ ኽምጣና እየመለስሁ አስረዳኋቸው። ለፎቶሲንተሲስ ቃል ስላጣሁ «ቅጠሉ በፀሐይ ምግብ ያበስላል» አልሁ፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ለራሴም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባቴ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ይህ ደብተርህ ከየት የተገዛ ይመስልሃል?» አሉኝ። ከዕጣኑ ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁና መልስ አጣሁ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «እኔም አንድ የሚያሳስበኝ አለ፤ ያሉት ዛፎች ሁሉ እንደ እኔ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣት ዛፍ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው» አሉ።

ይህን ለመምህሬ ብነግራቸው፣ የአባቴን አሳብ ሊቃውንትም የደረሱበት መሆኑን ገለጹልኝ። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ በኤርትራ የተደረገ ጥናት፣ ካልተደማ ዛፍ ከተወሰደ ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል፣ ከተደማ ዛፍ የተወሰደው 16 ብቻ እንደ በቀለ ይናገራል። በመተማ የተደረገና በ2012 የወጣ ሌላ ጥናትም፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስልቷል።

እኔም ራሴ ልሞክረው ብዬ፣ ከአባቴ ዛፎች 20 ፍሬ፣ በገደል ላይ ስላለ ብረት ከማይደርስበት ዛፍ ደግሞ 20 ፍሬ ለቅሜ በሁለት አሮጌ የዘይት ጣሳ ዘራሁ። ክረምቱ ሲገባ ቡቃያው ብቅ አለ፤ የገደሉ ዛፍ ጣሳ የበዛ መስሎ ታየኝ። በደንብ ለመቁጠር ቅዳሜን ስጠብቅ፣ ዓርብ ማታ ፍየላችን ሁለቱንም ጣሳ እስከ አፈሩ ድረስ ጋጠችው። የአበርገሌ ፍየል በዝርያዋ የታወቀች ብትሆንም በዚያች ማታ አላመሰገንኋትም። አባቴ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። መምህሬ ግን፣ «ቡቃያ ለምን ዛፍ እንደማይሆን አንዱን ምክንያት አይተሃል፤ ይህም ውጤት ነው፤ ጻፈው» ስላሉኝ እነሆ ጻፍሁት።

አባቴ ዘንድሮ ከድርሻቸው አራት ዛፍ ሳያደሙ ትተዋል። ስለ ገንዘቡ እናቴ አጉረምርማለች፤ አልፈርድባትም፤ ታናናሾቼም ትምህርት ቤት ናቸውና። እኔም እንደ ገና 20፣ 20 ፍሬ ቆጥሬ ዝናቡን እጠብቃለሁ። በዚህ ጊዜ ጣሶቹ በእሾህ ታጥረዋል፤ አጥሩን ያጠሩልኝም አባቴ ናቸው።