የእጅ ስልክ ያረጃልን? ወይስ ያስረጁታል?

ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ በእጁ ሳለ ሲደክምበት ሁለት ነገር ይሰማዋል፤ አንደኛው ኀዘን ነው፥ ሁለተኛው ጥርጣሬ ነው። በዘመናችን ይህ ጥርጣሬ አብዝቶ የሚነገረው ስለ እጅ ስልክ ነው። ስልኩን ከገዛ ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው ሲዘገይበት፥ «ሠሪዎቹ ዐዲሱን እንድንገዛ ሆን ብለው አዘገዩት» ይላል። ሌላውም፥ «ይህ ወሬ ነው፤ ዕቃ ሁሉ ያረጃል» ብሎ ይመልስለታል። እንግዲህ ከሁለቱ አሳብ እውነት የያዘው የትኛው እንደ ሆነ እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። የስልክ ኃይል የሚከማቸው ሊቲየም አዮን በተባለው ባትሪ ውስጥ ነው። ባትሪው በ1991 ለገበያ የወጣ ሲሆን፥ ለግኝቱ የደከሙት ሦስት ሊቃውንት፥ ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይደክማል፤ ሙቀትም ድካሙን ያፋጥነዋል። ያረጀ ባትሪ ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲፈልግ ሊሰጠው አይችልም፤ ከዚህም የተነሣ ስልኩ ገና ኃይል እያለው በድንገት ይጠፋል። ስለዚህ «ዕቃ ሁሉ ያረጃል» የሚለው አሳብ በዚህ በኩል እውነት ነው።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2017 መጀመሪያ አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአንዳንድ የአይፎን ስልኮቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ላከ። ማሻሻያው ባትሪያቸው የደከመ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን የሚቀንስ ነበረ፤ ለባለቤቶቹ ግን ይህ በግልጽ አልተነገራቸውም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ጆን ፑል የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ የብዙ ስልኮችን ፍጥነት ለክቶና አነጻጽሮ መዘግየቱን በቁጥር አሳየ። ኩባንያውም በጥቂት ቀን ውስጥ አመነ፤ ይቅርታም ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። ቢሆንም ሰው ዐዲስ ስልክ እንዲገዛ ብሎ እንዳላደረገው ተናገረ። በ2020 የፈረንሳይ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፥ ማሻሻያው ስልኩን ሊያዘገይ እንደሚችል ለገዢዎች ባለማሳወቁ 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለው። በአሜሪካም ጥፋቱን ሳያምን ለከሳሾቹ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እነሆ፥ ተጠራጣሪውም መላሹም እያንዳንዳቸው የእውነቱን እኩሌታ ይዘው ኖረዋል። ታዲያ ጥፋቱ ወዴት ነው? በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው የጎረቤቱ በቅሎ ገደል እንዳትገባ ብሎ በሌሊት እግሯን አሰረ፤ ለባለቤቷ ግን አልነገረውም። ባለቤቷም በማለዳ አካሄዷን አይቶ፥ «አረጀችብኝ» በማለት በርካሽ ሸጣት፤ ሌላም ለመግዛት ተበደረ። ማሰሩ ምክንያት ነበረው፤ ዝምታው ግን ሰውየውን በቅሎውን አሳጣው። ስልኩም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ባትሪው እንደ ደከመ ቢነገረው ኖሮ በጥቂት ገንዘብ ባስለወጠው ነበር፤ ስላልተነገረው ግን ደኅናውን ስልክ ጣለ።

ይህም ጥቂት ጉዳት አይደለም። የስልክ ዋጋ በአገራችን ለብዙ ቤተሰብ ከአንድ ወር ገቢ ይበልጣል፤ ያለ ምክንያት የተለወጠ ስልክ የልጆች ቀለብና ደብተር ነው። በዓለምም ላይ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተጥሏል፤ በወጉ ተሰብስቦ እንደገና ለሥራ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያው የሚቀርብ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ከመጀመሪያው ኃይል 80 በመቶውን መያዝ እንዲችል፥ ዋና ዋና መለዋወጫዎቹም ሽያጩ ካቆመ በኋላ እስከ 7 ዓመት እንዲገኙ በሕግ አዝዟል።

አንባቢ ሆይ፥ ስልክህ ሲዘገይብህ ሠሪውን ለመርገም አትቸኩል፤ ዐዲስ ለመግዛትም አትቸኩል። አስቀድመህ በብዙ ስልኮች ማስተካከያ ክፍል ውስጥ የሚገኘውን የባትሪውን ጤንነት ተመልከት፤ ካላወቅህበት የሚያውቀውን ልጅህን ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለምና። የማያስፈልገውን ሥዕልና ፊልም አጥፍተህ ቦታ አስፋለት፤ ፀሓይ ላይ አታኑረው። ባትሪው ደክሞ ከሆነ በመርካቶም ሆነ በየከተማው ወደሚገኙት ስልክ ጠጋኞች ወስደህ አስለውጠው። ዕቃ የምትሸጥና የምትጠግንም ወንድም ሆይ፥ የዕቃውን ድካም ለገዢው ንገረው። ያልመረመረ ሰው ፍርዱ ሐሜት ይሆንበታል፤ እያወቀ ዝም ያለም ከጉዳቱ ዕዳ ነጻ አይሆንም።